ማስተካከያ፦ ኤዲ ጆንስ ሲጫወትም መምህር ነበር

ባለፈው ሳምንት ስለ አውስትራሊያዊው የራግቢ አሰልጣኝ ኤዲ ጆንስ ስጽፍ «በደመወዝ ሲጫወት ኖሮ፣ ኳሱን ሲያቆም መምህር ሆነ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ።

ባለ 15 ተጫዋቹ ራግቢ እስከ ነሐሴ 1995 እ.ኤ.አ. ድረስ አማተር ነበር። ለተጫዋች ደመወዝ መክፈል በስፖርቱ ሕግ ክልክል ነበር። ጆንስ ለራንድዊክ ክለብና ለኒው ሳውዝ ዌልስ የተጫወተው ከዚያ በፊት ነው። እንጀራው ማስተማር ነበር፤ ርዕሰ መምህርም ሆኖ ሠርቷል። ይህን ያረጋገጥኩት ከታተሙ የሕይወት ታሪኮቹና ከስፖርቱ የበላይ አካል መዝገብ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የጃፓንን ብሔራዊ ቡድን እያሰለጠነ ደቡብ አፍሪካን 34 ለ 32 አሸነፈ ያልኩት ግን ልክ ነው።

ስህተቱ ትንሽ ይመስላል። እዚህ ድሬዳዋ ግን አንድ ኳስ ተጫዋች ልጅ አምኖታል። ቅዳሜ ሳቢያን ሜዳ ዳር አገኘኝ። የመምህራን ኮሌጅ ማመልከቻ ፎርሙ አራት ቦታ ታጥፎ ካልሲው ውስጥ ተሸጉጧል። ላቡ ጠርዙን አርሶታል።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ልጫወት። ማስተማሩ በኋላ ይደርሳል። አንተም እንደዛ ብለህ የለ?»

በጣም ደነገጥኩ። እዚያው ቁጭ ብለን እውነቱን ነገርኩት፤ ሰውዬው ቀን እያስተማረ ማታ ይለማመድ እንደነበር ጭምር። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ፎርሙን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፣ በመዳፉም አስተካከለው። ማመልከቻው የሚዘጋው አርብ ነው።

የቀድሞውን ጽሑፍ ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም አጋሩልኝ።