«ኻላስ» አለች፣ እኛ ሳቅን

ወገኖቼ፣ «ሰላም ናችሁ?» ብዬ ልጀምር ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ሰላም ፍለጋ በሄድንበት ቦታ የሠራነውን ካየሁ ወዲህ ያንቀኛል።

እንቅልፍ ካጣሁ ወራት አልፎኝ ነበር። እናቴን ከቀበርኩ በኋላ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይፈጥጣል፤ ጣራ ሳይ ይነጋል። «ጸበል ግባ፣ ሰላምህን ታገኛለህ» አሉኝ። ገባሁ። የቦታውን ስም አልጠራም። ጥፋቱ የቦታው አይደለም፣ የእኛ ነው።

እሑድ ገና ሳይነጋ በብርድ ተሰለፍን። ከፊቴ ጃኬቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ጎልማሳ አለ። ከኋላዬ ሁለት ተማሪዎች። አጠገቤ ቢጫ ጀሪካን የታቀፉ አሮጊት። ያን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ «ምን ፈልጋችሁ ነው?» ቢለን ሁላችንም መልሳችን አንድ ነበር። የውስጥ ሰላም።

አንዲት ልጅ በእናቷ ተደግፋ መጣች። ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። ከዓረብ አገር ከተመለሰች ሁለት ወሯ ነው ሲባል ሰማሁ። ክንዷ ላይ ጠባሳ አለ፤ የዘይት ይሁን የምን አላወቅሁም። እናትየዋ ጥቁር ፌስታል ጨብጠዋል። ውስጡ የሆስፒታል ካርድና መድኃኒት ነው።

ውኃው ሲነካት ጮኸች። (በዚያ ብርድ እኔም ጮኬያለሁ። እኔን ግን ማንም አልቀረጸኝም።) ከዚያ ወደቀች። ነጠላዋ ወለቀ፣ ቀሚሷ ወደ ላይ ተሰበሰበ። እናትየዋ ሊይዟት ሲያጎነብሱ ፌስታሉ አመለጣቸው፤ ክኒኖቹ ጭቃው ላይ ተበተኑ። ከኋላ አንዱ «ይኸው፣ መድኃኒቱ ራሱ ሸሸ!» አለ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ይሄ ሰውዬ ግን ከፓትርያርኩ በልጦ ያውቃል።

ስልኮች ወጡ። ጃኬት የለበሰው ጎልማሳ ጀሪካኑን አስቀመጠና ላዩ ላይ ወጣበት፤ ከላይ ለመቅረጽ። አጥማቂው አባት «ስልካችሁን ክተቱ፣ ልጆቼ» አሉ። ማንም አልከተተም። ደገሙ። በሁለተኛው ድምፃቸው ለመነ እንጂ አላዘዘም። ያኔ ነው አንዷ፣ በእውነት ነው የምላችሁ፣ «አባ፣ ትንሽ ወደ ግራ ይበሉልን» ያለቻቸው። ከለሏታ!

ልጅቷ መሬት ላይ ሆና በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ሸፍናለች። እንደሚመታ ሰው። «ኻላስ» አለች። «ኻላስ ማዳም፣ ኻላስ።»

«ስሙ! ሰይጣኑ አረብኛ ይችላል!» አለ አንዱ።

ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ኻላስ ማለት በቃ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ጅዳ መኖር አያስፈልግም፤ በየሰፈራችን ልጅ ሁሉ የሚለው ቃል ነው። በቃ እያለችን ነበር። ለማዳሟ ያለችውን ለእኛም አለችን። ማዳሟ ሰምታት ይሆን፣ እንጃ። እኛ አልሰማናትም።

አሮጊቷ ጀሪካናቸውን አስቀመጡ። ሰዉን በክርናቸው እየገፉ ገቡ። የገዛ ነጠላቸውን አውልቀው ልጅቷን ከጉልበቷ እስከ አንገቷ ሸፈኗት። ከዚያ በዚያ ብርድ በስስ ቀሚስ ቆሙ። ቢሰድቡን ይሻል ነበር። አንድ ቃል አልተናገሩም።

ያው ጠዋት ቅዳሴ ገባን። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» አለ፤ እርስ በርሳችሁ በተቀደሰ ሰላምታ ተሳሰሙ። እኛም እንደ ደንቡ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እጅ ተነሣሣን። ቪዲዮው ኪሳችን ውስጥ ነበር። በመጨረሻ «እትዉ በሰላም» ተባልን። በሰላም ግቡ። ገባን።

እናንተ ሰዎች፣ ወንጌሉን ማን ነው የሚያነብላችሁ? የጌርጌሴኖኑ ሰው ሌጌዎን ያደረበት፣ ሰንሰለት የሚበጥስ፣ በመቃብር የሚኖር ነበር። ጌታ ከፈወሰው በኋላ ሰዎች ሲመጡ ምን እንዳዩ ማርቆስ ሲጽፍ «ተቀምጦ ለብሶም ልቡም ተመልሶ» አዩት ይላል። ለብሶ! አንድ ሰው አልብሶታል ማለት ነው። ደንቆሮውን ሲፈውስ «ከሕዝቡም ለይቶ ለብቻው ወሰደው» ይላል። ዕውሩን እጁን ይዞ ከመንደር አወጣው። የኢያኢሮስ ልጅ ቤት ሲገባ ደግሞ ሰዎች ሳቁበት። ምን አደረገ? ሁሉን አስወጣ። አባቷንና እናቷን፣ ከእርሱም ጋር የነበሩትን ብቻ ይዞ ገባ። እኛ በዚያ ቤት ብንኖር ኖሮ በር ላይ ነበርን፤ ስልካችንን እንደያዝን።

ቪዲዮው ሦስት ቀን ሳይሞላው የጽዋ ማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባ። «ድንቅ ተአምር! እስከ መጨረሻው ይመልከቱ» ይላል። ከሥሩ አሜን፣ አሜን፣ አሜን። የልጅቷ ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነገ ሥራ ስትጠይቅ፣ ነገ ስትታጭ፣ ልጅ ወልዳ ልጇ ስልክ መነካካት ሲጀምር እዚያው አለች። ተአምር አላችሁት። ስሟን የጠየቀ አለ? መዳኗን የጠየቀስ?

በ2012 ዓ.ም. ቤይሩት ላይ አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቆንስላው ደጃፍ ጥለዋቸው ሲሄዱ አገር ምድሩ ተንጨርጭሮ ነበር። እኔም ፌስቡክ ላይ ጽፌያለሁ። «አረመኔዎች» ብዬ። አሁን ያን ጽሑፌን ፈልጌ አጠፋሁት።

ምክንያቱም እኔም ቀርጫለሁ። ይህን ሳልነግራችሁ ላልፍ ነበር። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። ማታ ኩዌት ላለችው እህቴ ላክሁላት። ከሥሩ የሚስቅ ፊት አድርጌበታለሁ። መልሷ በማግስቱ መጣ፤ አንድ መስመር ናት። «ክንዷ ላይ ያለው የካውያ ነው።» ሌላ የለም። እንዴት አወቅሽ ብዬ ልጠይቃት ፈራሁ። እስካሁን አልጠየቅኳትም።

የባሰውንም ልንገራችሁ። የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ። ከስንት ወር በኋላ እስኪነጋ ለሽ አልኩ። ጠዋት ተነሥቼ ተመስገን፣ ጸበሉ ሠራልኝ፣ ሰላሜን አገኘሁ አልኩ። ለሰውም አወራሁ። ኋላ ነው የገባኝ። የተኛሁት ከእኔ የባሰ ሰው ስላየሁ ነው። «የባሰ አታምጣ» የምንላት ነገር አለች አይደል? እሷ ናት ያስተኛችኝ። ጌታ በተያዘባት በዚያች ሌሊት «ሰላሜን እሰጣችኋለሁ፤ እኔ የምሰጣችሁ ዓለም እንደሚሰጥ አይደለም» ሲል ዓለም የሚሰጠው ሰላም ምን ዓይነት እንደሆነ አይገባኝም ነበር። እንዲህ ዓይነት ነው። ጎረቤቱ ሲነድ የሚሞቁት።

እኛ እኮ የምንሳደበው እንኳ በአማኑኤል ነው። «አማኑኤል ያስፈልገዋል» እንላለን፣ የአእምሮ ሆስፒታሉን ማለታችን ነው። የስሙ ትርጉም እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው። እውነትም ያስፈልገናል።

ኧረ ተው፣ ወገኖቼ። ጸበል ሂዱ። ጹሙ፣ ስገዱ፣ ሱባዔ ግቡ። ማንም አትሂዱ አላለም። ስልኩን ግን ቤት ተዉት። የያዛችሁትን ቪዲዮ አጥፉ፤ የላካችሁለትን ሰው ደውላችሁ አጥፋው በሉት። ይሰሙኝ ይሆን ብዬ አይደለም። ጀሪካን ላይ የወጣው ሰው ይህን ሲያነብ «እኔን አይመለከትም» እንደሚል አውቃለሁ። እኔም ያን ቀን ብትነግሩኝ እንደዚያው ነበር የምለው።

እንቅልፌ እንደገና ጠፍቷል። ስነቃ ስለዚያች ልጅ እጸልያለሁ። ስሟን ስለማላውቅ «ወለተ ማርያም» እያልኩ እጠራታለሁ። ከዚያ አንዳንዴ ልቤ ዝም ይላል። ይነጋል። ከዚህ በላይ ስለ ውስጥ ሰላም የማውቀው የለኝም።

ባለፈው እሑድ ተመልሼ ሄድኩ። አሮጊቷ ሰልፉ ላይ ነበሩ፤ ያው ቢጫ ጀሪካን፣ ትከሻቸው ላይ ግን ጋቢ። ጉልበታቸውን ስሜ «እማማ፣ ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች?» አልኳቸው።

«ከእናቷ ጋር ሄደች» አሉኝ።

«ነጠላዎትስ?»

«ለብሳው ነዋ። ትመልሰዋለች።»

ወር አልፎታል።

«በየሳምንቱ እመጣለሁ፣ እንዳታጣኝ ብዬ» አሉና ጀሪካናቸውን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገፉት።