ይድረስ ለክቡር የከረሜላ ልጣጭ፣ ባሉበት ኪስ

ጉዳዩ፦ በፒያኒሲሞ (በሙዚቃ እጅግ ለሆሳስ በሆነው ቦታ) ላይ ስለሚፈጽሙት ተደጋጋሚ ጥሰት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከኮሽታዎ በስተቀር በጣም ደህና ነን። የአውሮፓ በጋ የኮንሰርት ወቅት መጥቶ ፕሮምስ የተባለው የሎንዶን የሙዚቃ ፌስቲቫል ለ8 ሳምንት ያህል በሩን ሲከፍት፣ እርስዎም እንደወትሮው ትኬት ሳይቆርጡ በየኪሱና በየቦርሳው ተጠቅልለው እንደሚገቡ ስለምናውቅ ቀደም ብለን ልንጽፍልዎ ወደድን።

የዘር ሐረግዎን አንንቅም። ሮበርት ኒውማን አዘጋጅቶ፣ ሄንሪ ዉድ እየመራ እነዚህ ኮንሰርቶች እ.ኤ.አ. በ1895 በኩዊንስ ሆል ሲጀመሩ ታዳሚው መብላት፣ መጠጣትና ማጨስ ተፈቅዶለት ነበር። የሚለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድምፃውያን ሲዘፍኑ ክብሪት እንዳይጭር። እንግዲህ አያትዎ ክብሪት መሆናቸው ነው። እሳቸው ግን አንዴ ጭር ብለው ዝም ይሉ ነበር። ያ አዳራሽ በ1941 በቦምብ ሲወድም ኮንሰርቱ ወደ ሮያል አልበርት ሆል ተዛወረ፤ ከ5,000 ሰው በላይ የሚይዝ ክብ አዳራሽ ነው። ማሚቶው ስላስቸገረ በ1969 እንጉዳይ የሚመስሉ ትልልቅ ሳህኖች ከጣሪያው ሥር ተሰቀሉለት። ለማሚቶ መላ ተገኘ። ለእርስዎ ግን የሚሰቀል ነገር እስካሁን አልተገኘም።

የሚያሳዝነው የከረሜላው ባለቤት ደግ ሰው መሆኑ ነው። ጎረቤቱን ላለመረበሽ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ በሁለት ጣቶቹ ጫፍ ይዞ፣ ትንሽ በትንሽ ይስብዎታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው አባባል ግን ለከረሜላ አልተነገረም። የፊዚክስ ተመራማሪው ኤሪክ ክሬመር በ2000 ለአሜሪካ የአኮስቲክስ ማኅበር ስብሰባ እንዳስረዱት፣ የተጨማደደ ላስቲክ የሚያሰማው አንድ የተያያዘ ድምፅ አይደለም። እያንዳንዷ ትንሽ እጥፋት ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላው በድንገት ስትዘል ቋ ትላለች፤ ዕድሜዋም በሺኛ ሴኮንድ የሚቆጠር ነው። የቋታዋን ጉልበት የሚወስነው እጥፋቷ ውስጥ ታምቆ የቆየው ኃይል ነው እንጂ የሚስባት ጣት ፍጥነት አይደለም። ስለዚህ በ3 ሴኮንድ የሚያልቀውን ሥራ ወደ 1 ደቂቃ ያራዘመ ሰው አንዲት ቋታ እንኳ አልቀነሰም፤ ያንኑ ለብዙ ሰው፣ ለረጅም ጊዜ አዳረሰ እንጂ።

በዚያ ላይ ድምፅዎ ሹል ነው። የሰው ጆሮ ይበልጥ የሚነቃው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ አካባቢ ባለው ቀጭን ድምፅ ላይ ነው፤ እርስዎ ደግሞ በደንብ የሚደመጡት እዚያው ነው። ወፍራም ድምፅ ያላቸው ባለ አውታር መሣሪያዎች፣ ቼሎና ኮንትራባስ፣ በለሆሳስ ሲጎተቱ የሚሸፍንዎት ምንም ነገር የለም።

ቦታ መምረጥዎንስ ማን ያማዎታል! የሩሲያው የሙዚቃ ደራሲ ቻይኮቭስኪ 6ኛ ሲምፎኒውን በ1893 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ራሱ እየመራ አስደምጦ በ9ኛው ቀን ሞተ። የመጀመሪያው ክፍል 10 ደቂቃ ገደማ ሲሞላው ክላርኔቱ ዜማውን እያሳነሰ እያሳነሰ ያወርድና የመጨረሻዎቹን 4 ኖታዎች ባሱን ለተባለው ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ይተዋል። ደራሲው እዚያ ላይ የለሆሳስን ምልክት 6 ጊዜ ደርድሯል። ባሱን ድምፁን ይህን ያህል ማሳነስ ስለሚከብደው ብዙ የኦርኬስትራ መሪዎች ቦታውን ለባስ ክላርኔት ይሰጣሉ። የመሣሪያ ለውጥ ተደርጎ የተገኘችውን ጸጥታ ነው እንግዲህ ክቡርነትዎ «አሁንማ ምንም የለም» ብለው የሚገቡባት። ወዲያው ኦርኬስትራው በሙሉ በአንድ ምት ይፈነዳል። ጥቂት ሴኮንዶች ቢታገሡ ኖሮ ርችት ቢተኩሱ እንኳ የሚሰማዎት አልነበረም።

የዚያው ሲምፎኒ 3ኛ ክፍል ደግሞ ወደ ማርሽ የሚያድግ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሲምባልና ትልቁ ከበሮ ሳይቀሩ ይገባሉ። ያን ጊዜ ከነቤተሰብዎ ቢፈቱ ማን ይሰማል? አይመጡም እንጂ። (ያን ጊዜ የሚመጣው ሥራው ያለቀ መስሎት የሚያጨበጭበው ወገን ነው። እሱ ከደስታ ብዛት ነው፤ እንምረዋለን።) የሙዚቃ ደራሲው ማለር 9ኛ ሲምፎኒ የመጨረሻ ገጽ ላይ ግን ሳይጠሩ ይገኛሉ። ቫዮሊኖቹ ድምፅ ማፈኛ ገጥመው፣ ደራሲው «እየሞተ» ብሎ የጻፈባቸውን ኖታዎች አንድ በአንድ ሲለቁ፣ የመሪው እጅ ገና አልወረደም፣ እርስዎ ቋ!

ጠበቃዎ ሁልጊዜ ያው ሳል ነው፤ «እኔ ባልኖር ታዳሚው ሁሉ ይስል ነበር» ይላሉ። ሳልን እናውቀዋለን። የሎንዶኑ ሮያል ፌስቲቫል ሆል በአንድ ወቅት በፕሮግራም ወረቀቱ ላይ እንዳስነበበው፣ አፍ ሳይሸፈን የተሳለ አንድ ሳል ሆርን የተባለው የነሐስ መሣሪያ በመካከለኛ ጉልበት ከሚያሰማው ኖታ እኩል፣ 65 ዴሲቤል ገደማ ተለክቷል። ግን ምክሩንም አብሮ አትሞታል፤ አፍ ላይ መሐረብ ይደረግ፣ ሳሉ ወደ ለሆሳስ ይወርዳል። ሳል መድኃኒቱ መሐረብ ነው። የእርስዎስ?

የእርስዎም መሐረብ ሆኖ አረፈው። መብራቱ ከመደብዘዙ በፊት፣ መሣሪያዎቹ ገና ሲቃኙ፣ ለአንዱ አጋማሽ 2 ወይም 3 ከረሜላ ይፈታና በጥጥ መሐረብ ይቋጠራል። ሶፍት አይሆንም፤ ከረሜላው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የሸሚዝ ኪስም አይሆንም፤ አዳራሹ በበጋ ይሞቃል፣ የሰውነት ሙቀት ሲጨመርበት ከረሜላው ይቀልጣል፤ ከላዩ ስኳር የተነሰነሰበት ዓይነት ቶሎ አይያያዝም። እርስዎ ውጭ ባለው ቅርጫት ይሰናበታሉ። በባዶ እጅ ተጨብጠው መግባት ክልክል ነው፤ የተጨበጠ ላስቲክ ሲለቁት ማንም ሳይነካው በራሱ እየተዘረጋ መንጣጣቱን ይቀጥላልና። በሰም ወረቀት የተጠቀለሉት የአጎትዎ ልጆች ሻል ይላሉ። ያ ከጀርባው በአውራ ጣት ተጭነው የሚያወጡት፣ ፎይል የተለበጠው ዘመድዎ ግን በምንም ሁኔታ እንዳይመጣ፤ እሱ ኮሽታ ሳይሆን ተኩስ ነው።

ከነልብስዎ ከገቡ ሁለት ዕድል ይሰጥዎታል። በክፍሎች መካከል ሁሉም የሚስልበት አጭር ፋታ አለ፤ ካልሆነም የነሐስ መሣሪያዎችና ከበሮ አንድ ላይ እስኪገቡ ይጠበቃል። ያን ጊዜ አንድ ጊዜ፣ በፍጥነት፣ ቦጭ። ሁለቱን የተጠመዘዙ ጫፎች ተራ በተራ ማፍታታት አያስፈልግም፤ እጥፋቱ የሚበዛው እነሱ ላይ ነው።

የብቸኛ ተጫዋችነት ፍላጎት ካለዎት ግን አንገፋዎትም። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ኬጅ «4 ደቂቃ ከ33 ሴኮንድ» የተባለ ሥራ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበውም በእነሱ በጋ፣ ነሐሴ አጋማሽ ካለፈ በኋላ በኦገስት 29 ቀን 1952፣ ኒውዮርክ ዉድስቶክ አጠገብ ነው። ፒያኒስቱ ዴቪድ ቱዶር የፒያኖውን ክዳን ዘግቶ ተቀመጠ፤ አንዲት ኖታ አልመታም። የሚደመጠው አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ሁሉ ነው። 3 ክፍሎች አሉት፤ 33 ሴኮንድ፣ 2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ እና 1 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ። በ2ኛው ክፍል ጣሪያውን ይመታ የነበረው ዝናብ ብርቱ ተፎካካሪ ነውና ተለማምደው ይምጡ። እዚያ ቀስ ብለው ቢፈቱ ቅር አንሰኝም፤ እንዲያውም 33 ሴኮንዷን ሙሉ መሸፈን ይጠበቅብዎታል።

ከሰላምታ ጋር
ከእርስዎ ፊትና ኋላ የተቀመጡ ረድፎች

ግልባጭ፦
ለሞባይል ስልክ ጥሪ
ለቦርሳ ዚፕ
መሪው እጁን ሳያወርድ «ብራቮ!» ለሚሉት ግለሰብ (ለማወቅ ያህል)