የወር መጨረሻ መነኩሴ

ደሞዝ ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው የማይመነኩስ ወጣት የለም። የባንክ ሒሳቡን ይከፍታል፣ ቁጥሩን ያያል፣ አንድ አኃዝ የተደበቀ መስሎት ስክሪኑን በእጅጌው ይወለውላል። ቁጥሩ ያው ነው። ያን ጊዜ ቆብ ይደፋል። «ከዛሬ ጀምሮ ውጭ መብላት የለም፣ ታክሲ የለም፣ ልብስ የለም፤ ዓለም በቃኝ!» ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ የተባለው ለዚህ ልጅ ይመስላል፤ የምንኩስናው የመጀመሪያ ተግባር ግዢ ነውና።

ለመቆጠብ ደብተር ያስፈልጋል። ተራ ደብተር አይሆንም፤ ሽፋኑ ጠንካራ፣ ወረቀቱ ወፍራም መሆን አለበት። ለደብተሩ ባለ አራት ቀለም እስክሪብቶ ይገዛል፤ ቀዩ «አላስፈላጊ» ለተባለው፣ አረንጓዴው «አስፈላጊ» ለተባለው፣ ሰማያዊው «እናስብበት» ለተባለው፣ ጥቁሩ ለፊርማ። ወጪ የሚመዘግብ አፕም ይጫናል፤ 7 ቀን በነፃ፣ ከ8ኛው ቀን ጀምሮ በክፍያ። ጓዳው ሥርዓት እንዲይዝ ደግሞ ክዳን ያላቸው የብርጭቆ ዕቃዎች ይታዘዛሉ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴኒ ዲድሮ በ1769 ይህንኑ ጣጣ ጽፎት ነበር። አዲስ የቤት ካባ ለበሰ፤ ካባው ሲያምር ወንበሩ አስቀየመው፤ ወንበሩን ሲለውጥ ጠረጴዛው አሳፈረው፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱን ሙሉ ቀየረ። ግራንት ማክራከን የተባለ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ በ1988 ነገሩን «የዲድሮ ውጤት» ብሎ ሰየመው። ዲድሮ ግን ቢያንስ «እየቆጠብኩ ነው» አላለም።

ትጥቁ ከተሟላ በኋላ ጠላት ይታደናል። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ምንጊዜም ቻርጀር ነው። መነኩሴያችን ስልክ ሳይሰካበት ግድግዳ ላይ የተረሳውን ቻርጀር መንጭቆ ያወጣና አብሮት የሚኖረውን ልጅ «በአንተ ምክንያት ነው የደኸየነው» በሚል ዓይን ያየዋል። አዲስ ዓይነት ቻርጀር ስልክ ሳይሰካበት የሚስበው አንድ አስረኛ ዋት ገደማ ነው። ዓመት ሙሉ ሳይነቀል ቢቆይ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ይህን ክስ ከመሠረተ በኋላ ልጁ ገላውን ሊታጠብ ይገባል። 5,000 ዋት የሚስበው የሻወር ማሞቂያ በ10 ደቂቃ ውስጥ 0.83 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የቻርጀሩ የዓመት ኃጢአት በአንድ ሻወር ተሠራ ማለት ነው፤ ያውም ዘፈኑ ሳያልቅ። ሲወጣ ደግሞ ለአንድ ስኒ ትኩስ ነገር ሊትር ተኩል ውሃ ያፈላል። የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ነው ሒሳብ የሚያስከፍለው፤ ግድግዳ ላይ የተሰካ ሁሉ ሌባ አይደለም። አምፖል መለወጥ ግን ያዋጣል። ባለ 60 ዋቱን በ9 ዋት ኤልኢዲ የተካ ሰው አምፖሉ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በዓመት 93 ኪሎዋት ሰዓት ያተርፋል። ይህ ግን ወንበር ላይ መውጣት ስለሚጠይቅ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል።

ቀጥሎ ገበያ ነው። ሲልቫን ጎልድማን የተባለ የሱፐርማርኬት ባለቤት በ1937 በኦክላሆማ ሲቲ ደንበኞቹ ቅርጫታቸው ሲከብድ መግዛት እንደሚያቆሙ አስተዋለና ባለ ጎማ ጋሪ ሠራ። ሰው መጀመሪያ ላይ ጋሪውን ለመግፋት አፍሮ ነበር፤ እሱም ጋሪ እየገፉ የሚዞሩ አስመሳይ ገዢዎች ቀጠረ። ከዚያ ወዲህ የሚያፍር አልታየም። ቅርጫት ሲሞላ ክንድ «ኧረ በቃ» ይላል፤ ጋሪ ግን ክንድ የለውም። ስለዚህ አምስት ነገር ሊገዛ የገባ ሰው በእጁ ቅርጫት ይያዝ፣ ባይርበው ደግሞ ይመረጣል። የተራበ ሰው ለሦስት ቤተሰብ ነው የሚገዛው።

ቅናሹ ጋ ሲደርስ መነኩሴው ይንበረከካል። «20 በመቶ ቅናሽ!» ትልቁን ማሸጊያ አንስቶ እንደ አራስ ልጅ አቅፎት ይመጣል። ከሳምንት በኋላ ሩቡ ፍሪጅ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። አሁን እስክሪብቶው ይምጣ። 100 የነበረው በ80 ተገዝቶ ከመቶ 75 እጁ ብቻ ከተበላ፣ የተበላው ክፍል ቅናሽ ከሌለው ዋጋ 7 በመቶ ገደማ ተወዷል። ለቆሻሻ ቅርጫት መቀለብ እንደማለት ነው። ማሸጊያም ራሱን ችሎ ይዋሻል። ቁመቱም ዋጋውም ያው ሆኖ ውስጡ ከ500 ግራም ወደ 450 ሲወርድ ዋጋው 11 በመቶ ጨመረ፤ የተናገረ ግን የለም። ዋጋውን ለግራሙ ማካፈል 10 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ትልቁ ማሸጊያ በግራም ሲሰላ ከትንሹ የሚወደድበትም ጊዜ አለ። «ይህን ያህል ከገዙ ማድረሻው ነፃ ነው» የሚለው ማስታወቂያማ ልዩ ነው። የማድረሻውን ክፍያ ላለመክፈል የእጥፉን ዋጋ ካልሲ የጨመረ ሁሉ ማታ ተደስቶ ነው የተኛው።

ትልቁ ቀዳዳ ያለው እጅ በማይደርስበት ቦታ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል፤ የዘመኑ ላም ወተቷ ባይታይም መኖዋ በየወሩ ከባንክ ሒሳብ ይቆረጣል። ሦስት ጊዜ ብቻ የተኬደበት ጂም፣ ሁለት የፊልም አገልግሎት፣ ፎቶ የሚያስቀምጥ ቦታ፣ የ7 ቀኑ ነፃ ጊዜ ካለቀ አራት ወር ያለፈው የቁጠባ አፕ። ልጁ ሲናደድ አፑን ከስልኩ ያጠፋዋል። አፕ ማጥፋት ግን ምዝገባ መሰረዝ አይደለም፤ ላሟን አለማየት ብቻ ነው። ምዝገባው የሚሰረዘው አፑ ከወረደበት የመተግበሪያ ገበያ መለያ ውስጥ ወይም ከአገልግሎቱ ገጽ ነው። ማን ምን እየቆረጠ እንደሆነ ለማወቅ የሦስት ወር የባንክ መግለጫ አይበቃም። በዓመት አንዴ የሚቆረጡት እዚያ ላይ አይታዩምና የ12 ወሩ ይውጣ። በየወሩ በአንድ ቀንና በአንድ መጠን የሚመላለስ ስም ሁሉ ይሰመርበት፤ ቀዩ ቀለም የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ነፃ ሙከራ የሚጀምር ሰው ደግሞ ከማለቁ ሁለት ቀን ቀድሞ የሚጮህ ማንቂያ በዚያችው ደቂቃ ይሙላ። «ሲደርስ አስታውሳለሁ» ያለ ማንም አላስታወሰም፤ አገልግሎቱም የሚኖረው በዚህ ነው።

ዕዳ ያለበት መነኩሴ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። በአንድ በኩል 24 በመቶ ወለድ የሚቆጥር ዕዳ አለበት፤ በሌላ በኩል 7 በመቶ የሚከፍል ሒሳብ ውስጥ ገንዘብ አስቀምጦ «ወለዴ ወለደ» ይላል። ከየመቶው በዓመት 17 እየከሰረ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። 72ን ለወለዱ ማካፈል ገንዘብ በስንት ዓመት ገደማ እጥፍ እንደሚሆን ይነግራል፤ ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ ይህን ስሌት በ1494 በቬኒስ ባሳተመው ሥራው አንስቶታል። 24 በመቶ የሚሰላበት ዕዳ ካልተከፈለ በ3 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ 7 በመቶ ያለው ቁጠባ ከ10 ዓመት በላይ ይፈልጋል። ሩጫው ላይ ማን እንደሚቀድም ለመገመት ደብተር አያስፈልግም። የአንድ ወር ወጪ ያህል ለክፉ ቀን ተቀምጦ የተረፈው ዕዳውን ይምታ። ያቺ መጠባበቂያ ከሌለች የመጀመሪያው የተሰበረ ስልክ ልጁን ወደ አበዳሪው ይመልሰዋል።

የወር መጨረሻ ጾሙ ራሱም ከየት እንደመጣ አይታወቅም ተብሎ ይታለፋል እንጂ የታወቀ ነው። ደሞዝን ለአራት ሳምንት የሚያካፍል ሰው ያካፈለው ለ28 ቀን ነው። የቀሩትን ሁለት ሦስት ቀናት ማን ይቀልባቸው? እስከሚቀጥለው ደሞዝ ላሉት ቀናት በሙሉ አካፍሎ፣ በቀን ስንት እንደሚደርስ ማየት ይሻላል። «ያልታሰበ ወጪ» የሚባለውም እንዲሁ ነው። የጓደኛ ልደት በየዓመቱ በዚያው ቀን ይመጣል፣ ኮምፒውተር ያረጃል፣ ጥርስ ያማል። የዓመቱ ተደምሮ ለ12 ተካፍሎ በየወሩ ካልተቀመጠ በየዓመቱ ያልታሰበ ሆኖ ይኖራል።

ቀዳዳው እጅ በማይደርስበት ቦታ እንደሆነ ሁሉ መድፈኛውም እዚያው ነው። ደሞዝ በገባ ማግስት የተወሰነ እጅ ወደ ሌላ ሒሳብ የሚያሻግር ቋሚ ትእዛዝ ባንክ ውስጥ ይሞላል። ሒሳቡ ካርድ የሌለው ቢሆን መልካም ነው። ትእዛዙ ከደሞዝ ቀን የቀደመ እንደሆነ ባዶ ኪስ ፈትሾ ይመለሳል። ምንኩስናው የሚበላሸው ደግሞ በመጠኑ ነው። በወኔ 40 በመቶ ያስቀመጠ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይመልሰዋል፤ አንዴ ከመለሰ መንገዱን ለመደው። 5 በመቶ ይጀምር፣ ደሞዝ በጨመረ ቁጥር ከጭማሪው ላይ ግማሹን ያክልበት። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ቴለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ በ2004 ባሳተሙት ጥናት ሠራተኞች ወደፊት ከሚመጣ ጭማሪያቸው ላይ እንዲቆጥቡ ቀድመው ተስማሙ፤ በመጀመሪያው ድርጅት የተሳታፊዎቹ ቁጠባ በ40 ወር ከ3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ ደረሰ። እንቁላሉ በእግሩ ሄደ፤ ማንም ቆብ አልደፋም።

መነኩሴያችን ይህን ሁሉ ከወር መጨረሻ በፊት ያደርገዋል። ለጊዜው ደሞዝ ገብቷል። ጓደኛው «ዛሬ እንገናኝ?» ብሎ ጽፎለታል፤ እሱም «ቦታውን ላክ» ብሏል። ቆቡ ወንበር ላይ ነው። ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ በወፍራሙ ወረቀት የመጀመሪያ ገጽ ላይ በአረንጓዴ የተመዘገበ አንድ ወጪ ብቻ አለ፤ የደብተሩ ዋጋ።