ይድረስ ለክቡር የመምህራን ምዘና ቅጽ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከጦሳ ሥር፣ ከደሴ፣ ከጉሙና ከብርዱ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አብሽሩ፣ ክስ አይደለም። ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር እርስዎ ስለኔ ሲጠይቁ ኖረዋል፤ ዛሬ ተራው የኔ ይሁን ብዬ ነው።

እኛ ጋ ከመቶው 50 ከተማሪ፣ 35 ከዲፓርትመንት ኃላፊ፣ 15 ከባልደረባ ይለቅማሉ። የባልደረባዋን ይተዋት፤ እኔ ለሱ 5፣ እሱ ለኔ 5፣ አቦሉ ሳይቀዳ ትጠናቀቃለች። ኃላፊውም ስብሰባ ላይ ማን እንደተከራከረው አይረሳም።

ጉዱ የተማሪው 50 ነው። ባለፈው ተጠሪው ቅጹን ሲያድል ገና ከበሩ አልወጣሁም፤ ከኋላ ወንበር አንዱ 1 ቁጥር ላይ ከላይ እስከ ታች ራይቱን ያወርደዋል፣ ጥያቄውን ሳያይ። «በሰዓቱ ክፍል ይገኛል» ለሚለውም 1። እሱ ሴሚስተሩን ሙሉ ሁለቴ ነው የገባው፤ መዘግየቴን ማን ነገረው? ሚድ ላይ ሲኮርጅ ይዤዋለሁ፤ በእርስዎ በኩል ሒሳባችንን ተወራረድን።

ደግሞ «የቤተ ሙከራ ዕቃ በአግባቡ ይጠቀማል» ይላሉ። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ቤተ ሙከራችን ተዘርፎ ጠረጴዛው ብቻ ቀረን። ጠረጴዛውን በአግባቡ ተጠቅሜያለሁ። 3 ሰጡኝ።

የካናዳው ዘመድዎ የደረሰበትን ሰምተው ይሆን? እንደ ፈረንጆቹ በ2018 ቶሮንቶ፣ ያኔ ራየርሰን ይባል በነበረው ዩኒቨርሲቲ፣ መምህራኑ ተሟግተው የግልግል ዳኛው ፈረደላቸው፦ የተማሪ ምዘና አማካይ ለዕድገት ሲባል የማስተማር ብቃት መለኪያ እንዳይሆን። ተማሪ ያየውን ይናገር፣ ማንም አልከለከለውም፤ ማስተማር ግን በዚያ አማካይ አይሰፈርም። እርስዎስ አንድ ቀን መጥተው ከኋላ ቢቀመጡ፣ ያወጣሁትን ፈተና ቢያገላብጡ ምን ነበረበት? (ወንበር ይዘው ይምጡ፣ ያጥረናል።)

አንድ ነገር ግን አልክድዎትም። ከግርጌ «ተጨማሪ አስተያየት» የምትል ጠባብ ቦታ አለችዎ። ከስልሳው ልጅ አንዷ ብቻ ጻፈችባት፦ «መምህር፣ ምዕራፍ 3 ላይ ፈጠኑብን።» እውነቷን ነው፤ ስብሰባ በዝቶብኝ ሮጬበታለሁ። ቁጥር ስላልሆነች ከድምርዎ አልገባችም። ለአዲሶቹ ልጆች ግን ምዕራፍ 3ን ሁለት ሳምንት ሰጥቼዋለሁ።

አክባሪዎ፣
3.9 ከ5