በቀን ስንት ከማለት በፊት ውሉን ተከራከሩ

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚከራይ ሰው ጉልበቱን ሁሉ የሚጨርሰው «በቀን ስንት?» በሚለው ላይ ነው። ደላላው ትንሽ ይቀንሳል፣ ተከራዩ ያተረፈ መስሎት ይፈርማል። ኪስ የሚራቆተው ግን ከፊርማው በኋላ ነው።

ሀዋሳን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ደርሶ መልስ 550 ነው። ውሉ በቀን 100 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ለሦስት ቀን የተከራየ ሰው 300 ብቻ ይታሰብለታል። የቀረው 250 በአንድ ኪሎ ሜትር ዋጋ እየተባዛ ይጨመርበታል፤ ሀዋሳ ከተማ ውስጥ የሚዞረውን ሳይጨምር ማለት ነው። ስለዚህ መንገዳችሁን አስቀድማችሁ ደምሩና ለጠቅላላ ጉዞው አንድ ዋጋ ጠይቁ። ነዳጁ በማን ነው? የሹፌሩ አበልና አልጋስ? ሹፌሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ቢቆይ ስንት ይታሰባል? 15 በመቶው ቫት ገብቷል ወይስ በኋላ ይመጣል? ሁለት አከራዮችን ማወዳደር የሚቻለው ይህ ሁሉ ሲደመር ብቻ ነው።

እጅግ የረከሰ ዋጋ ሲነገራችሁ ታርጋውን እዩ። ኮድ 2 ከሆነ መኪናው የግል ነው፣ መድኑም የተገባው ለግል አገልግሎት ነው። በኪራይ ላይ ሳለ ቢጋጭ መድን ሰጪው «ከውሉ ውጭ ነው» ብሎ አልከፍልም ሊል ይችላል። ያኔ የጥገናው ዕዳ እናንተና ባለመኪናው መሃል ይወድቃል። ሊብሬውን (የባለቤትነት ደብተሩን)፣ ቦሎውን (የዓመታዊ ምርመራ ምልክቱን) እና የመድን ውሉን ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ። በተለይ ከውጭ ሆነው ለበዓል መኪና በዘመድ በኩል የሚይዙ ሰዎች እነዚህን ሰነዶች በፎቶ ማስላክ አለባቸው።

ወቅቱም ዋጋ አለው። ገና ሲቃረብ፣ ከጥምቀት በኋላም ሰርግ ሲበዛ መኪና ፈላጊው ብዙ ነውና ቀደም ብላችሁ ያዙ። ሁዳዴ ሲገባ ሰርጉ ይቆማል፤ የሳምንት ወይም የወር ዋጋ ለመጠየቅ ያኔ ነው ጊዜው።

ስትረከቡ ጭረቱን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንና የነዳጅ መጠቆሚያውን በቪዲዮ ቅረጹ። ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) አየር እንዳለው፣ ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኖራቸውን ተመልከቱ። መኪናው መንገድ ላይ ቢበላሽ በስንት ሰዓት ውስጥ ሌላ እንደሚተካና ለቆመበት ቀን ኪራይ እንደማይከፈል በውሉ ይስፈር። አከራዩ ይህን ለመጻፍ ካንገራገረ ሌላ ፈልጉ።