አማርኛ የምትለዋ ምርጫ ክብር ይገባታል

ሰው ሁሉ ሲያማ እንጂ ሲያመሰግን አይታይም። እኔ ዛሬ ላመሰግን ነው። ምስጋናዬ በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ፣ ከስክሪኑ ጥግ፣ «አማርኛ» ተብላ ለተቀመጠችው ምርጫ ይድረስልኝ። ማንም አይነካትም። ነክቶም የተጠቀመ የለም። ግን አለች። ጨረታው «በአማርኛ የሚሠራ» ይላል፤ ሳጥኑ ላይ የራይት ምልክት ተደርጓል፤ አለቀ።

ጥበቡ የሚታየው በምረቃው ቀን ነው። ስታዲየም አካባቢ የሆቴል አዳራሽ ይያዛል። ባነር ይሰቀላል፣ ሪባን ይቆረጣል። ከዚያ ፕሮግራሙ በፕሮጀክተር ይከፈታል። «የተጠቃሚ ስም»፣ «የይለፍ ቃል»፣ «ግባ»። ጭብጨባው አዳራሹን ያናውጠዋል። የክብር እንግዳው ፈገግ ይላሉ፣ ካሜራው ይቀርጻል፣ ሻይ ቡና ይቀርባል። ከ«ግባ» ወዲያ ያለው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ስሌቱን አድንቁልኝ እንጂ! ትርጉሙ የሚያልቀው ልክ የእንግዳው ትዕግሥት በሚያልቅበት ደቂቃ ላይ ነው። ታዲያ ማንም ዘልቆ የማያየውን ገጽ መተርጎም ምን ይባላል? ብክነት ነው።

ቴክኖሎጂውም ቢሆን ተባባሪ ነው። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ሲሠራ ጽሑፉ ከኮዱ ተለይቶ በየቋንቋው ፋይል ይቀመጣል። የአማርኛው ፋይል ስሙ ላይ «ኤ ኤም» ይጨመርበታል። ፕሮግራሙ ያን ፋይል ፈልጎ ሲያጣ ይጮሃል? ኧረ በጭራሽ፣ አስተዳደጉ ጥሩ ነው። መጀመሪያ በኮምፒውተሩ በራሱ ቋንቋ የተጻፈውን ይፈልጋል። እሱም ከሌለ መነሻ የተባለውን ፋይል ያቀርባል። በኛ ቢሮዎች ሁለቱም እንግሊዝኛ ናቸው። ስለዚህ አንዲት የአማርኛ ቃል ሳይጽፉ የአማርኛ ምርጫ ማኖር ይቻላል። ስሕተት የለም፣ ቀይ ጽሑፍ የለም፣ አማርኛም የለም።

ፋይሉን የጻፉትማ ይብሳሉ። ጃቫ 9 በ2017 እ.ኤ.አ. እስኪወጣ ድረስ ጃቫ እነዚህን ፋይሎች የሚያነበው «ላቲን 1» በሚባለው፣ የምዕራብ አውሮፓን ፊደል ብቻ በሚያውቀው ሥርዓት ነበር። የኛ ፊደል የዓለምን ፊደል ሁሉ በሚችለው ሥርዓት፣ በዩቲኤፍ 8፣ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ሦስት ባይት፣ ማለትም ሦስት የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ፣ ይይዛል። ላቲን 1 ደግሞ እያንዳንዷን ባይት ራሷን የቻለች ፊደል አድርጎ ይቆጥራታል። «ሰላም» ብለው የጻፏት ዘጠኝ ጉድ ሆና ትወጣለች። ፊደሉን ዓለም አቀፍ መለያው በሆነው የዩኒኮድ ቁጥሩ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ማን ይደክማል? ደግሞስ አንዱን ሦስት ማድረግ ምርታማነት አይደለም እንዴ? አንዳንዱ ቢሮ እስከ ዛሬ ጃቫ 8 ላይ ሙጭጭ ያለው ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

መስኮቱን የሚያዝዘውን የኮድ ክፍል፣ ኮንትሮለሩን፣ ሳላነሳ ባልፍ ነውር ነው። የጃቫ መስኮት መሥሪያ በሆነው በጃቫ ኤፍኤክስ መጀመሪያ ኮንትሮለሩ ይፈጠራል። ቀጥሎ የሚጫኑት በተንና ጽሑፍ የሚያሳየው ሌብል ይገጠምለታል። «ኢኒሻላይዝ» የሚባለው የማሰናጃ ኮድ የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው። በተኑ ላይ የሚጻፍ ነገር ካለ ይኸው ቦታው። የኛ ሰው መች ይጠብቃል! ኮንትሮለሩ ገና ሲፈጠር፣ በተኑ ሳይገጠም፣ ጽሑፍ ልለጥፍ ይላል። ግድግዳው ሳይቆም ሥዕል እንደመስቀል ነው። ፕሮግራሙ «ነል ፖይንተር»፣ ማለትም የሌለ ነገር ነካችሁ፣ ብሎ ይወድቃል። መፍትሔው? ስሕተት ሲፈጠር በሚይዘው ኮድ፣ በ«ትራይ ካች»፣ አፉን ማፈን። ከዚያ መስኮቱ ባዶ በተኖች ደርድሮ በሰላም ይከፈታል። ባዶ በተን እኮ ለማንም ቋንቋ አያዳላም። ሌላው ደግሞ ተራውን ጠብቆ ኢኒሻላይዝ ውስጥ ይገባና፣ ከፋይሉ የመጣውን አማርኛ በእጁ በጻፈው እንግሊዝኛ ይደመስሰዋል። ሥርዓት አክባሪ ነው፤ ምን ይደረግ።

ይህ ሁሉ ለሕዝቡ ምን እንደፈየደ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ቢሮ ገብቼ አይቻለሁ። ሰልፉ በሩ ጋ ደርሷል። የፊተኛዋ ነጠላ የለበሱ እናት ናቸው።

«እናቴ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ ሲስተሙ እየከፈተ ነው» አለቻቸው ሠራተኛዋ።

«ልጄ፣ በአማርኛ ሆነ ብለው በቴሌቪዥን ነግረውን የለ?»

«ሆኗል እናቴ። እንዳትነኩት ተብለን ነው እንጂ።»

አንገቴን ሰገግ አድርጌ ስክሪኑን አየሁት። ዙሪያውን በፕላስተር የተለጠፉ ብጥስጣሽ ወረቀቶች ከበውታል። በእስክሪብቶ፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ፣ «ይሄ መመዝገቢያ»፣ «ይሄ ማተሚያ»፣ «ይሄን የነካ አለቀለት!» ይላሉ። ከየወረቀቱ ወደየበተኑ ቀስት ተሰምሯል። ከጎኗ ያለው ልጅ መስኮቱን በስሕተት ሲያሳንሰው ቀስቶቹ ሁሉ ባዶ ቦታ ጠቆሙ። «መልሰው! መልሰው!» ብላ ጮኸችበት።

በበኩሌ ለሚቀጥለው ጨረታ አንድ ሐሳብ አለኝ። ፕላስተርና ወረቀቱ ሰነዱ ውስጥ ይካተት፤ አሁን ሠራተኞቹ ከኪሳቸው ነው የሚገዙት።