አራፋት የመሠረቱት ፋታህን ነው
ስለ አራፋት የወጣው ጽሑፍ «ያሲር አራፋት እ.ኤ.አ. በ1964 የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅትን መሠረቱ» ማለቱ ስህተት ነው። ያን ድርጅት ያቋቋመው የአረብ ሊግ ሲሆን የመጀመሪያው ሊቀመንበርም አህመድ ሹቀይሪ ነበሩ። አራፋት ከትግል ጓዳቸው ከኻሊል አል ወዚር ጋር በ1950ዎቹ መጨረሻ በኩዌት የጠነሰሱት ፋታህ የተባለውን የፍልስጤም ታጣቂ ንቅናቄ ነው፤ የአረብ ሊጉን ድርጅትማ የግብፁ ፕሬዚዳንት የናስር እጅ አለበት ብለው በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት። «ሁለቱም ድርጅቶች ያው ናቸው» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ ያው የመሰሉት በኋላ ነው። በ1967ቱ ጦርነት በእስራኤል የደረሰው ሽንፈት የአረብ መንግሥታትን ባያዋርድ፣ በማግሥቱ ዓመትም በዮርዳኖሷ ካራሜ ከእስራኤል ጦር ጋር የተደረገው ውጊያ ወጣቱን ወደ ፋታህ ባያጎርፍ ኖሮ አራፋት በ1969 የነፃ አውጪ ድርጅቱን ሊቀመንበርነት ባልያዙ ነበር። የካራሜን ዝና ፋታህ ለብቻው ጠቀለለው እንጂ በታንክና በመድፍ የተዋጋው የዮርዳኖስ ጦር ነበር፤ ይህንንም ጽሑፉ ዘሎታል።